ብሎክ 14 እና የመጀመሪያው አውቶቡስ

ቅዳሜ ጠዋት ነው። ሌሊቱን ሲዘንብ አድሮ ገና ማባራቱ ነበር። የተጠቀለለ ፕላን ብብቴ ውስጥ ሸጉጬ፣ እስከ ቁርጭምጭሚቴ ጭቃ ውስጥ ገብቼ ቆሜያለሁ። ፕላኑን ካመንን የቆምኩት የአንድ ሰው ሳሎን ውስጥ ነው። ብሎክ 14፣ ምድር ቤት፣ በስተግራ ያለው ቤት።

የሳይቱ ጥበቃ ከኋላዬ መጡ፤ ጃንጥላቸውን እንደ ከዘራ እየተመረኮዙ። ፕላኑን ዘርግቼ ላሳያቸው ስል እሳቸው ዓይናቸው እግሬ ላይ ነው።

«እዚህ ምን ልትሠሩ ነው ልጄ?»

«ቤት ነው አባባ።»

«እዚህ?» አሉና ትንሽ ዝም አሉ። «እዚህ እኮ ውሃ ይተኛበታል።»

በቃ። አራት ወር የለፋንበት፣ ስንት ስብሰባ የተጨቃጨቅንበት ፕላን በሁለት ቃል ተረታ።

ቢሮ ተመልሼ ካርታውን እንደገና አየሁት። የመሬቱን ከፍታ የሚያሳዩት መስመሮች በየ2 ሜትሩ ነው የተሰመሩት። ያቺ ጎድጓዳ ቦታ ደግሞ ከዙሪያዋ ዝቅ የምትለው 60 ሳንቲሜትር ቢሆን ነው። በሁለት መስመር መሃል ሹልክ ብላ አመለጠችን። ካርታው የሚችለውን አሳይቷል። በደረቅ ቀን ሄደን፣ በመኪና ዞረን፣ «ሜዳ ነው» ብለን የተመለስነው እኛ ነን።

ሥራዬ መንገድ መሣል ነው። አዲስ የመኖሪያ ሰፈር ሲታሰብ ከአርክቴክቶቹ፣ ከውሃ መሐንዲሶቹና ከገንዘብ ሰዎቹ ጋር እኔም አንድ ወንበር ይሰጠኛል፤ አብዛኛውን ጊዜ በሩ አጠገብ ያለው። በእነዚህ ዓመታት የታዘብኩት፣ ጥፋታችን ሁሌም የተራ ጥፋት መሆኑን ነው። መጀመሪያ ቤቶቹ ይሣላሉ። ቀጥሎ መኪና ቤቱ በር ድረስ የሚገባበት መንገድ ይሣላል። ውሃው «በቱቦ ይወሰዳል» ይባላል። አውቶቡሱ «ሰው ሲገባ ይመጣል» ይባላል። ዛፍ የተረፈው ቦታ ላይ ይተከላል፤ ከተረፈ።

እኔ ተራው ይገልበጥ ባይ ነኝ። መጀመሪያ ውሃው። ቀጥሎ እግርና አውቶቡስ። ቤቱ በመጨረሻ። ስብሰባ ላይ እንዲህ ስል አርክቴክቱ ጓደኛዬ «ቤቱ በመጨረሻ የሚሣልበት የቤት ፕሮጀክት» እያለ ይስቃል። ይሳቅ።

ስለ ውሃው ትንሽ ሒሳብ እንሥራ። አይክበዳችሁ፣ ማባዛት ብቻ ነው። 1 ሚሊ ሜትር ዝናብ 1 ካሬ ሜትር ላይ ሲወርድ 1 ሊትር ውሃ ነው። የእኛ ቦታ 30 ሄክታር ነው። በአንድ ከባድ ዝናብ 40 ሚሊ ሜትር ቢወርድ 12 ሚሊዮን ሊትር ወረደ ማለት ነው። ዛሬ ቦታው ሣርና ቁጥቋጦ ስለሆነ አብዛኛውን አፈሩ ይጠጣዋል፤ ቀሪው ቀስ እያለ ወደ ወንዟ ይሄዳል። ነገ ግማሹን በጣሪያና በአስፋልት ስንሸፍነው ግን በተሸፈነው ላይ የሚወርደው ከ10 እጁ 9 እጁ ያህል ወዲያው ይፈሳል። ይህ ብቻ 5,400 ሜትር ኩብ ነው። 10 ሺህ ሊትር በሚይዝ ቦቴ ብንቆጥረው 540 ቦቴ። ያውም በአንድ ዝናብ፣ ያውም ተከታትለው ሳይሆን ሁሉም በአንዴ ቁልቁል የሚለቀቁ።

«ቱቦ ይወስደዋል» የሚል ሰው ቱቦው የት እንደሚያበቃ ጠይቁት። ከታች ሌላ ሰፈር አለ። የእኛ ቱቦ ባማረ ቁጥር የእነሱ ጎርፍ ይብሳል።

በዚህ ነገር ሁሌ የምጠቅሰው ቦታ ቴክሳስ ውስጥ ነው፤ ከሂውስተን በስተ ሰሜን ያለው ዘ ዉድላንድስ። ጆርጅ ሚቼል የተባለ የነዳጅና የጋዝ ባለሀብት ነው የጀመረው፤ እ.ኤ.አ. በ1974 ተከፈተ። በፕላኑ ኢያን ማክሃርግ የተባለው የመልክዓ ምድር አርክቴክትና ባልደረቦቹ ተሳትፈውበታል። ቦታው ሜዳማ ጫካ ነው፣ ውሃ ይበዛበታል። እነሱ ቤት ከመሣላቸው በፊት የአፈሩን ካርታ ሠሩ። ውሃ የሚጠጣው አፈር የቱ ነው? የማይጠጣውስ? የሚጠጣውን በተቻለ መጠን ሳይሸፍኑ ተዉት፤ ግንባታውን ውሃ ወደማያሰርገው ወሰዱት። የተፈጥሮውን የውሃ መውረጃ ሳይነኩ፣ ሣር የለበሰ ቦይ እየጨመሩ ሄዱ። ቱቦ ከመቅበር ይልቅ ርካሽም ሆነላቸው። ስብሰባ ላይ የገንዘብ ሰዎቹ ቀና የሚሉት እዚህች ጋ ነው።

ግን ዘ ዉድላንድስን ሳወድስ ሁሌም አንድ «ግን» አለኝ። ውሃውን እንዲያ ያከበረ ሰፈር የተስፋፋው በመኪና ነው። ቤቶቹ በዛፍ መሃል ተራርቀው ተበትነዋል፤ ያለ መኪና መኖር ይከብዳል። ማለት፣ ለወንዙ ጥሩ ሆኖ ለአየሩ መጥፎ መሆን ይቻላል። አንዱን ፈተና ማለፍ ሌላውን አያሳልፍም።

ወደ ብሎክ 14 ልመለስ። ውሃ የሚተኛበትን ቦታ ለውሃ ተውነው። ደረቅ ሲሆን ሣር ሜዳ ነው፣ ልጆች ኳስ ይጫወቱበታል። ከባድ ዝናብ ሲመጣ ለአንድ ቀን ያህል ኩሬ ይሆንና ቀስ ብሎ ይጎድላል። ጥያቄው 40ዎቹ ቤቶች የት ይሂዱ የሚለው ነበር። ብሎክ 14 በየፎቁ 8 ቤት ያለው ባለ አምስት ወለል ሕንፃ ነው። የገንዘብ ኃላፊው ብዕሩን አስቀምጦ «40 ቤት ለእንቁራሪት?» አለ። ሁሉም ሳቀ። እኔም ሳቅሁ፤ ጥሩ ነገር ነው የተናገረው።

ከዚያ አውቶቡሱ በሚያልፍበት ዋና መንገድ ዳር ካሉት ብሎኮች አምስቱን መረጥንና አንድ አንድ ወለል ጨመርንባቸው። በወለል 8፣ በአምስት ብሎክ 40። አንድም ቤት አልጠፋም። እንዲያውም 40 አባወራ ከሰፈሩ ጫፍ ተነስቶ ፌርማታ አፍ ላይ መጣ። ስድስት ወለል ከሆነማ ሊፍት ያስፈልጋል ተባለ። ይምጣ፣ አልኩ። ሽማግሌም፣ የልጅ ጋሪ የምትገፋ እናትም የሚኖሩበት ቤት ነው።

አሁን ወደማይቀረው ኑዛዜ።

የዛሬ 12 ዓመት አካባቢ፣ ገና ጀማሪ እያለሁ፣ የአንድ ሰፈር መንገድ ሥዬ ነበር። የት እንደሆነ ይቅር። ግንባታው በሦስት ምዕራፍ የተከፈለ ነው። አውቶቡሱን የት አስገባነው? ሦስተኛው ምዕራፍ ላይ። ክርክራችን ያኔ አሳማኝ ይመስል ነበር፤ «600 ቤት ብቻ እያለ አውቶቡስ ባዶውን ይመላለሳል፣ ሰው ሲሞላ እናመጣዋለን»። ፌርማታውን በፕላኑ ላይ በሰማያዊ ክብ አስቀመጥኩት። ክቡ ያምር ነበር።

ሰው ገባ። የመጀመሪያው ሳምንት ላይ ሰው ሥራውን፣ ትምህርት ቤቱን፣ ሐኪም ቤቱን እንዴት እንደሚደርስ መላ መምታት ነበረበት። መላ መታ። አንዳንዱ ከጎረቤቱ ጋር መኪና ተጋራ። አቅም ያለው ተበድሮ ገዛ። አቅም የሌለው ከሌሊቱ ተነስቶ ዋናው መንገድ ድረስ በእግሩ ወጣ። ሦስት ዓመት አለፈ። አውቶቡሱ መጣ፣ ፌርማታውም እውነተኛ ፌርማታ ሆነ። የሚሳፈር ግን እምብዛም የለም። «ሰው የለም» ተብሎ በየ15 ደቂቃው የነበረው በየግማሽ ሰዓቱ ሆነ። ያኔ ጥቂቶቹም ተዉት። ከዚያ በየሰዓቱ።

አንድ ቀን ፌርማታዋ ላይ ቁጭ ብዬ ስቆጥር አንዲት ሴትዮ አጠገቤ ተቀመጡ። የሠራሁት እኔ መሆኔን አልነገርኳቸውም። አውቶቡሱን ይጠቀሙበት እንደሆነ ስጠይቃቸው፣ «እኔማ መኪና ስለሌለኝ ነው። ልጆቼ እሱ ሳይመጣ ገዝተው ጨረሱ» አሉኝ።

ገዝተው ጨረሱ። ይህቺን ሐረግ እስከ ዛሬ ይዣታለሁ። መኪና የገዛ ሰው ገንዘቡን አስቀድሞ ከፍሏል፤ ከዚያ በኋላ እያንዳንዱ ጉዞ ርካሽ ይመስለዋል። አውቶቡስ ዘግይቶ መጥቶ ያንን ሰው ከመኪናው ማውረድ አይችልም።

ይህ የእኔ ስሜት ብቻ አይደለም። በባዝ ዩኒቨርሲቲ የነበሩ ተመራማሪዎች በእንግሊዟ ፒተርቦሮ ከተማ 800 ሰዎችን አጥንተው፣ ውጤቱን እ.ኤ.አ. በ2016 አሳትመዋል። ግማሾቹ በቅርቡ ቤት የቀየሩ ናቸው። ቤት የቀየረ ሰው ልማዱንም ለመቀየር የተሻለ ዝግጁ ሆኖ ተገኘ፤ ይቺ የተከፈተች መስኮት ግን እስከ ሦስት ወር ገደማ ብቻ ነው የምትቆየው። ሦስት ወር! እኛ ሦስት ዓመት አስጠበቅናቸው።

በትክክል የሠሩትስ? ስቶክሆልም አለች። ቬሊንግቢ የሚባለው የከተማው ዳር ሰፈር እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ ሲሠራ ሜትሮው በ1952 ደረሰ፣ የሰፈሩ ማዕከል በ1954 ተመረቀ። ባቡሩ ቀደመ። ሱቁ፣ ቢሮው፣ ፎቆቹ ጣቢያውን ከበው ቆሙ፤ ራቅ ሲል ሕንፃዎቹ ዝቅ ዝቅ ይላሉ። ሥራ፣ ቤትና ማዕከል አንድ ላይ የሚል መፈክር ነበራቸው። ሥራው እንዳሰቡት አልሞላም፤ ብዙው ነዋሪ ለሥራ ወደ መሃል ከተማ ይሄድ ነበር። ግን በባቡር ሄደ።

በጀርመኗ ፍራይቡርግ ያለው ፎባን ደግሞ ሌላ ነው። የፈረንሳይ ጦር ሰፈር ነበረ፣ ወታደሮቹ እ.ኤ.አ. በ1992 ለቀው ሄዱ። ከ5 ሺህ በላይ ሰው የሚኖርበት ሰፈር ሆነ። ትራሙ፣ ማለትም የከተማው ቀላል ባቡር፣ የገባው በ2006 ነው፤ ያኔ ሰፈሩ ብዙው ተሠርቷል። ታዲያ ይህስ «ሰው ሲገባ ይመጣል» ማለት አይደለም ወይ? አይደለም። እስከዚያ አውቶቡስ ነበራቸው፣ የትራሙ መስመርም ከመጀመሪያው በፕላኑ ላይ ቦታው ተይዟል። ከሁሉ በላይ ግን መኪናውን የት እንዳስቀመጡት እዩ። ብዙዎቹ የመኖሪያ መንገዶች ላይ ማቆሚያ የለም። መኪና ያለው ሰው ሰፈሩ ዳር ባለ የፓርኪንግ ሕንፃ ውስጥ ቦታ ይገዛል። የሌለው ደግሞ የለኝም ብሎ ፈርሞ ከዚያ ወጪ ይድናል።

ለእኔ ለመንገድ ሣዩዋ ግን ልብ የሚሰርቀው ሃውተን ነው። ኔዘርላንድስ ውስጥ ከዩትሬክት አጠገብ ያለች፣ ዛሬ 50 ሺህ ያህል ሰው የሚኖርባት ከተማ። ድሮ መንደር ነበረች። ሮብ ዴርክስ የሚባል አርክቴክት እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ መጨረሻ ፕላኗን ሲነድፍ ነገሩን ሁሉ በአንድ ቀላል ሕግ አሰረው። ብስክሌትና እግረኛ በመሃል፣ በቀጥታ ይሂድ። መኪና ግን ከአንዱ ሰፈር ወደ ሌላው ለመሄድ መጀመሪያ ወደ ቀለበት መንገዱ ይውጣ፣ ይዙር፣ ከዚያ ይግባ። መኪና አልተከለከለም። የትም መድረስ ይችላል። ዙሪያውን መሄድ ብቻ ነው ያለበት። ባቡር ጣቢያው ደግሞ መሃል ላይ ነው። ልጅ ትምህርት ቤት ለመሄድ አጭሩ መንገድ ብስክሌት ነው፤ ማንም ሳይሰብከው። ይህንን ፕላን መጀመሪያ ሳይ «እኔ ለምን አላሰብኩትም?» ብዬ ተናደድኩ።

እንግዲህ የእኛው 30 ሄክታር። 1,200 ቤት ነው የታሰበው፤ በሄክታር 40 ቤት። ይህ አውቶቡስ ለማኖር በቂ ነው። ዳሩ ግን መስመሩ ላይ ተጣላን። አልሚው አውቶቡሱ በየብሎኩ በር እንዲዞር ፈለገ፤ ለሽያጭ ያምራል። «በርዎ ላይ አውቶቡስ»። እኔ ቀጥ ያለ አንድ መንገድ ይሁን አልኩ። ሒሳቡ እንዲህ ነው። አውቶቡሱ ከተማ ደርሶ ለመመለስ 60 ደቂቃ ቢፈጅበትና በየ10 ደቂቃው እንዲመጣ ብንፈልግ 6 አውቶቡስ ይበቃል። ሰፈሩ ውስጥ እንደ እባብ ስናጠማዝዘው 12 ደቂቃ ይጨመራል። አሁን 8 አውቶቡስ ሊያስፈልግ ነው። ወይም በ6ቱ እንቀጥልና በየ12 ደቂቃው ይሁን፤ ተሳፋሪው ደግሞ ተጨማሪውን ጊዜ በየብሎኩ ሲዞር ይክረም። ሰው በሩ ላይ የሚቆም ቀርፋፋ አውቶቡስ ከሚሰጠው አምስት ደቂቃ ተራምዶ ፈጣኑን ቢያገኝ ይመርጣል። ደግሞ በየ10 ደቂቃው የሚመጣን አውቶቡስ ማንም ሰዓቱን አያጠናለትም። ወጥቶ ይጠብቃል፣ ይመጣል፣ አለቀ።

«አምስት ደቂቃ» ያልኩትን ግን ማረም አለብኝ። በእኛ ሙያ ከፌርማታ 400 ሜትር ማለት አምስት ደቂቃ ነው። ኮምፓስ እንይዛለን፣ ፌርማታው ላይ እንተክላለን፣ 400 ሜትር ክብ እንሠራለን፣ በክቡ ውስጥ ያለ ቤት ሁሉ «ተደርሷል» ይባላል። ኮምፓስ ግን ግንብ አይታየውም። ከብሎኮቹ አንዱ ረድፍ 180 ሜትር ሙሉ ቀዳዳ የለውም ነበር። ከኋላው ያለው ቤት ከፌርማታው በአየር 350 ሜትር ነው። በእግር ግን ረድፉን ዞሮ 500 ሜትር ያልፋል። ክቡ ውስጥ አለ፣ አውቶቡሱ ግን የለውም።

ደግሞ የማን አምስት ደቂቃ? አብሮኝ የሚሠራ ልጅ እናቱን ቢሮ ይዟቸው መጥቶ ነበር፣ ጉልበታቸውን ያማቸዋል። ለቀልድ ያህል «እማማ፣ እስቲ 400 ሜትር አብረን እንሂድ» አልኳቸው። ቢሮአችን ያለበት መንገድ ላይ ለክቼ፣ ሰዓት ይዤ። ቀልዱ ቀልድ አልሆነም። 11 ደቂቃ ፈጀ። ሁለት ጊዜ ቆሙ። አንዴ የመብራት ምሰሶ ተደግፈው፣ አንዴ የሰው አጥር ላይ ቁጭ ብለው። ስንመለስ ትንፋሻቸውን እየሰበሰቡ «መቀመጫ የሌለው መንገድ ለወጣት ብቻ ነው እንዴ የሚሠራው?» አሉ። ረድፉን መሃሉ ላይ 3 ሜትር ስፋት ያለው መተላለፊያ በስቼለት፣ በየ100 ሜትሩ መቀመጫ አስገብቻለሁ። አግዳሚዎቹ በፕላኑ ላይ እንደ ሰረዝ ነው የሚታዩት። እኔ ግን እያንዳንዷን ሳይ የእማማ ጉልበት ይታየኛል።

አሁን ወደ ፓርኪንግ። እዚህ ጋ ነው ስብሰባው የሚጋለው።

የመነሻ ሕጉ ለአንድ ቤት 1.5 የመኪና ማቆሚያ ይላል። ለ1,200 ቤት 1,800 መኪና መሆኑ ነው። አንድ መኪና ራሷ የምትይዘው 12.5 ካሬ ሜትር ያህል ነው፣ 2.5 በ5። መግቢያና መዞሪያው ሲደመር ግን 25 ይደርሳል። 1,800 ሲባዛ በ25፣ 45 ሺህ ካሬ ሜትር። 4.5 ሄክታር። ከ30 ሄክታሩ 15 በመቶ የቆመ መኪና ሊተኛበት ማለት ነው። መኪና ደግሞ ዕድሜዋን በሙሉ ማለት ይቻላል ቆማ ነው የምታሳልፈው።

የውሃ መሐንዲሷ እስከዚያ ዝም ብላ ነበር። ካልኩሌተሯን አወጣች። 45 ሺህ ካሬ ሜትር አስፋልት፣ 40 ሚሊ ሜትር ዝናብ፣ ከ10 እጅ 9ኙ የሚፈስ። «162 ቦቴ ለፓርኪንግ ብቻ» አለች። እኔ የትራንስፖርት ነው ስል የከረምኩትን ነገር እሷ የጎርፍ አደረገችው። ምሳ ሰዓት ላይ አንገቷን አቅፌ ሳምኳት። ለካ ሁለታችንም አንድ ነገር ነበር የምንጮኸው፤ በተለያየ ክፍል ውስጥ ሆነን።

ብዙ ከተጨቃጨቅን በኋላ ለአንድ ቤት 0.7 ላይ ተስማማን። 840 ማቆሚያ፣ 2.1 ሄክታር። 2.4 ሄክታር ተረፈ። ማቆሚያዎቹንም በየበሩ አልበተንናቸውም። በሦስት ቦታ ሰበሰብናቸው፣ ከቤት እስከ ማቆሚያው ያለው እርምጃ ከቤት እስከ ፌርማታው ካለው እንዳያንስ አድርገን። ሰው ከቤቱ ሲወጣ መኪናውም አውቶቡሱም እኩል ይራቁት። ከዚያ ይምረጥ። በር ላይ የቆመች መኪና ካለችማ ምርጫ የሚባል ነገር የለም። የአካል ጉዳት ላለበት ሰው ግን በሩ አጠገብ ቦታ አለ፤ ይህ አልተነካም። ዕቃ ማራገፊያም እንዲሁ።

ስለ ዛፎቹ አጭር ነገር ልበል። ፕላን ላይ «ይህ ዛፍ ይቀራል» ተብሎ በአረንጓዴ ይከበባል። ከዚያ ኮንትራክተሩ መጥቶ ጥላው ስር ሲሚንቶ ይከምራል፣ ገልባጭ መኪና ያቆማል። አፈሩ ይጠቀጠቃል፣ ሥሩ ይታፈናል። ዛፉ ወዲያው አይሞትም። ሁለት ሦስት ዓመት ቆይቶ፣ ሁሉም ሰው ከሄደ በኋላ ይደርቃል። የእንግሊዞች የግንባታ ደረጃ የግንዱን ውፍረት (ዲያሜትሩን) 1.5 ሜትር ከፍታ ላይ ለክተህ በ12 አባዛው ይላል። 70 ሳንቲሜትር ውፍረት ያለው ግንድ በዙሪያው 8.4 ሜትር የተከለለ መሬት ይፈልጋል። አጥሩ ደግሞ ዶዘሩ ከመግባቱ በፊት ይቁም። በኋላ የሚሠራ አጥር ለፎቶ ነው።

ጣሪያ ላይ ስለሚተከል ሣርና ስለ ሶላር ብዙ ተወራ። አልጠላቸውም። ግን ብሮሹር ላይ ስለሚያምሩ ጠበቃ አያጡም። ለቀጥተኛ መንገድና ለአግዳሚ ወንበር ነው ጠበቃ የሚያስፈልገው።

የመጨረሻው ጠብ የአውቶቡሱ ነበር። የድሮው ክርክር ቃል በቃል ተመለሰ፤ «ሰው ሳይሞላ ማን ይከፍላል?» የገንዘብ ኃላፊው ክፉ ሰው አይደለም፣ ቁጥሩን ነው የሚጠብቀው። ስለ ድሮው ሰፈር ነገርኩት። ስለ ሰማያዊው ክብ፣ ስለ ሴትዮዋ። ከዚያ ጠየቅሁት። «የውሃ መስመሩ የመጀመሪያዎቹ 50 ቤቶች ሲገቡ ዝግጁ ነው አይደል? ለ1,200 ቤት የሚበቃ ቱቦ ለ50 ቤት ባዶውን ይቀመጣል። ስለ ቱቦው ባዶነት ለምን አልጠየቅህም?»

መልስ አልሰጠኝም። ብዕሩን ግን አነሳ።

በሳምንቱ ስምምነቱ ረቂቅ ውስጥ አንድ አንቀጽ ገባ። የመጀመሪያዎቹን 18 ወራት የአውቶቡሱን ኪሳራ አልሚው ይሸፍናል፤ እንደ መንገዱና እንደ ቱቦው የመሠረተ ልማት ወጪ ተቆጥሮ። አውቶቡሱ ሥራ ሳይጀምር የአንድም ቤት ቁልፍ አይሰጥም። ይህቺ ሁለተኛዋ አረፍተ ነገር እስክትገባ ሦስት ጊዜ ተሰርዛለች። ገና አልተፈረመም። ጠበቆቹ ጋ ነው ያለው፣ እና ጠበቃ ጋ የገባ ነገር እንዴት ሆኖ እንደሚወጣ አይታወቅም።

ባለፈው ሳምንት ሳይቱ ላይ ነበርኩ። ቀያሾቹ የብሎክ 14ን ችካሎች ነቅለው፣ ሣር ሜዳውን በነጭ ኖራ ከበውታል። ጥበቃው እንደገና መጡ። ኖራውን ዞረው አዩት፣ ራሳቸውን ነቀነቁ።

«ሰማችሁ ማለት ነው።»

«ሰማን አባባ።»

«አውቶቡሱስ የት ጋ ነው የሚቆመው?»

ወሰድኳቸው። ችካሉን አሳየኋቸው። ጎኑ ቆሙ፣ ጃንጥላቸውን መሬት ላይ ተክለው፣ ልክ አውቶቡስ እንደሚጠብቅ ሰው። ፀሐይዋ ከፍ ብላለች። ትንሽ ቆዩና በእጃቸው ግንባራቸውን ከለሉ።

«ጥላ የለውም» አሉ።

ማስታወሻ ደብተሬን አወጣሁ።